ሂካ የተባለው ልጅ፤ የኦነሲሞስ ነሲብ የሕይወት ታሪክ

የእድራችን መጽሔት በየዓመቱ ሲታተም ግማሹ ገጽ የገቢና የወጪ ሒሳብ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ የተለዩን አባሎች ስም ይዘረዘራል። ያንን አንብቦ ለጨረሰ ሰው ጥቂት የሚያጽናና ጽሑፍ ማቅረብ የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ እኛም ዘንድሮ የአንድ ሰው ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ሰውዬው የጦር አለቃ አልነበረም፤ ከነገሥታት ወገንም አልነበረም። በልጅነቱ ተሰርቆ እንደ ከብት የተሸጠ ልጅ ነበር።

ይህን ታሪክ የመረጥንበት ምክንያት አለን። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ስናመሽ ከሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደው፣ ሰው ከዚህ ወዲያ ነገን ምን ብሎ ይጠብቃል የሚለው ነው። ወጣቶቻችንማ አጥብቀው ይጠይቁታል። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚል መልስ አለን። ደግ አባባል ነው። ግን ልጇን በቀበረች እናት ፊት ሲነገር እኛን ደስ አይለንም። ድግሱ የታለ ብትል ማን ይመልስላታል? የክርስትና ተስፋ የሚባለው እንዲህ በቀላሉ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር ከሆነ መቼም ዋጋው ብዙ አይሆንም። ስለዚህ ስለ ተስፋ ብዙ ከሚናገር ሰው ይልቅ፣ ተስፋውን ይዞ ሠላሳ አምስት ዓመት የሠራን ሰው ማየት ይሻላል ብለናል።

ኦነሲሞስ ነሲብ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ በተባለው ስፍራ አካባቢ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ይባላል። ኦሮምኛ የሚያውቁ አባሎቻችን ወዲያው እንደሚረዱት፣ ቃሉ የመጣው ከመፍታት ነው። ቋጠሮ የሚፈታ፣ ሕልም የሚፈታ፣ ቃልን ከቃል የሚፈታ እንደ ማለት ነው። በአማርኛም ቢሆን የተቋጠረ ነገርም ይፈታል፣ ምሥጢርም ይፈታል። እንግዲህ ይህን ስም ያወጡለት ሰዎች ልጁ ወደፊት አስተርጓሚ እንደሚሆን አስበው አይደለም። ነገሩ ግን እንደ ስሙ ሆነ።

አባቱ የሞተው ልጁ ገና አራት ዓመት ገደማ ሳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው፣ ባሪያ ፈንጋዮች ያዙት። ከዚያ በኋላ ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየተሸጠ፣ ገበያ ለገበያ እየዞረ፣ ከደቡብ ምዕራቡ ደን እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ምጽዋ ደረሰ። በእግር የተኬደ መንገድ ነው። በዚያን ዘመን በዚያ መንገድ ስንት ልጅ እንደ ቀረ መቁጠር አይቻልም። ምጽዋ የደረሰውም በመርከብ ተጭኖ ወደ ዓረብ አገር ይሻገር ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ፈለግን። እኛ የእድር ሰዎች ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ከሁሉ የከፋ መሆኑን እናውቃለን። መርዶ ተነግሮ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ቀብር ተፈጽሞ፣ በሠልስቱ እንባ ሲታበስ ሐዘን ቢያንስ ወግ አለው። የተሰረቀ ልጅ ግን ሞቷል ተብሎ አይለቀስለት፣ አለ ተብሎ አይጠበቅ። በነዚያ ዓመታት በየመንደሩ እንዲህ ያለ ሐዘን የተቀመጡ እናቶች እጅግ ብዙ ነበሩ። ጡሩምባ የሚነፋላቸው አልነበረም። የዚህን ሰው ታሪክ ስናነብ እነሱንም አብረን ብናስባቸው መልካም ነው።

በምጽዋ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ተወላጅ ነበር። በዚያን ጊዜ የፈረንሣይ ቆንሲል ሆኖ ይሠራ ነበር፤ በኋላ ለግብጽ መንግሥት የምጽዋ ገዥ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1875 በአውሳ ተገደለ። ይህ ሰው በፖለቲካ ረገድ ለአገራችን መልካም አሳቢ አልነበረም፤ ታሪክ የሚመሰክርበት ብዙ ነገር አለ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1870 ሂካን ነፃ አውጥቶ በምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ለነበሩት የስዊድን ሚሲዮናውያን የሰጠው እሱ ነው። አንድ ሰው በአንድ በኩል ሲበድል በሌላ በኩል መልካም ሊሠራ ይችላል። ይህንን ሁላችንም በሰፈራችን አይተነዋል።

ስዊድኖቹ ወደ ምጽዋ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1866 ሲሆን፣ ከመጀመሪያው አሳባቸው ወደ ኦሮሞ አገር ዘልቆ ለመግባት ነበር። መንገዱ ስላልተከፈተላቸው እዚያው ባሕር ዳር ቀሩ። ወደ ኦሮሞ አገር መሄድ ቢያቅታቸው፣ የኦሮሞ ልጆች በባሪያ ነጋዴ ሰንሰለት እየተጎተቱ እነሱ ወዳሉበት ይመጡ ነበር። በእምኩሉ የተከፈተው ትምህርት ቤት ከነዚህ ነፃ ከወጡ ልጆች ብዙዎቹን አስተምሯል።

ሂካ በዚያ ማንበብና መጻፍ ተማረ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1872፣ በአውሮፓውያኑ የትንሣኤ በዓል ዕለት ተጠመቀና ኦነሲሞስ ተባለ። ስሙ ከሐዋርያው ጳውሎስ ዘመን የመጣ ነው። ኦነሲሞስ የፊልሞና ባሪያ ነበር፤ ከጌታው ቤት ኮብልሎ ከጳውሎስ ጋር ተገናኘ፤ ጳውሎስም እንደ ወንድም እንዲቀበለው ደብዳቤ ጽፎ ወደ ፊልሞና መለሰው። የስሙም ትርጉም ጠቃሚ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ስም ለዚህ ልጅ መስጠት ተገቢ እንደ ነበር እናምናለን። ሆኖም አሮጌው ስሙም እንዳልጠፋ ከዚህ ቀጥሎ እናያለን። ልጁም አድጓልና ከእንግዲህ አንቱ እንበላቸው።

እ.ኤ.አ. ከ1876 እስከ 1881 ድረስ በስቶክሆልም ዮሐነሉንድ በተባለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ክረምቱ ፀሐይ የማያሳይ፣ በረዶው ከጉልበት የሚያልፍ አገር ነው። አምስት ዓመት እዚያ ተቀምጠው ሲጨርሱ ከፊታቸው ሁለት መንገድ ነበራቸው። በአውሮፓ ወይም በምጽዋ ተመችቷቸው መኖር ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ተሰረቁበት አገር ተመልሶ መግባትን መረጡ። ዛሬ ከየአገሩ ተምረው የሚመለሱ ወይም የማይመለሱ ልጆች ያሏችሁ አባሎች ይህ ምርጫ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ትረዱታላችሁ። ምጽዋ እንደ ተመለሱ ምሕረት ኃይሉን አገቡ።

ብዙም ሳይቆዩ ወደ ኦሮሞ አገር የሚጓዝ ቡድን ተዘጋጀ። በመሐል አገር በኩል ማለፍ ስላልተፈቀደ በሱዳን ዞረው፣ ዓባይን ተከትለው ለመግባት አሰቡ። እስከ ፋማካ ድረስ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ አልሆነም። ንዳድ ያዛቸው። የቡድኑ መሪ አሬኒዩስ የተባለው ስዊድናዊ ሞተ፤ ኦነሲሞስም ታመው ከሞት አፋፍ ተመለሱ። የተረፉትን ሰዎች እየመሩ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ካርቱም ሲደርሱ ደግሞ የማኅዲ ጦርነት ተነሥቷል።

አሁን ነገሩን እንመልከተው። ሰው አገሩን ለማየት ወጥቶ፣ አገሩን በሩቅ እያየ ተመልሷል። መሪው ሞቶበታል፤ ገላው በበሽታ አልቋል፤ መንገዱ በጦርነት ተዘግቷል። በዚህ ጊዜ ሌላው ሰው ምን ያደርጋል? ምን አልባት እግዚአብሔር አልፈቀደም ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ኦነሲሞስ ግን በዚያው በሱዳን ሳሉ ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመሩ። ለማን? መንገዱ በተዘጋ አገር ላለ፣ ፊደል ላልቆጠረ፣ የእሳቸውን ስም እንኳ ሰምቶ ለማያውቅ ሕዝብ ነዋ! እኛ ተስፋ የምንለው ይህን ነው። አንባቢ ሳይኖር መጽሐፍ መጻፍ ማለት በእምነት ካልሆነ በምን ይቻላል?

እ.ኤ.አ. በ1886 የተደረገው ሁለተኛ ሙከራም ሳይሳካ ቀረ። ኦነሲሞስ ወደ እምኩሉ ተመልሰው ብዕራቸውን አነሡ። እ.ኤ.አ. በ1887 የኦሮምኛ መዝሙር መጽሐፍ ወጣ።

ነገር ግን አንድ ትልቅ ችግር ገጠማቸው። ከአገራቸው የወጡት በልጅነታቸው ስለሆነ ቋንቋቸው የልጅ ቋንቋ ነበር። ልጅ የእረኝነትን፣ የጨዋታንና የእናቱን ቤት ቃል ያውቃል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን የዳኝነት፣ የእርሻ፣ የጋብቻ፣ የጦርነት፣ የለቅሶ ቃል ሁሉ ይፈልጋል። ከኢዮብ ጋር ለማዘን የአዋቂ ሰው ቋንቋ ያስፈልጋል። ይህን ጉድለት የሞላችው አንዲት ወጣት ሴት ናት፤ ስለ እሷ ሳንናገር ብናልፍ ነውር ይሆንብናል።

አስቴር ጋኖ ትባላለች። እሷም ባሪያ ነበረች። የሊሙ እናርያ ንጉሥ በባርነት ይዟት ኖሮ፣ በኋላ ተሸጣ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ስትጫን፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የኢጣሊያ መርከቦች ያገኟትና ነፃ ትወጣለች። ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤትም ገባች። ይህች ልጅ ጆሮዋ የተባረከ፣ የሰማችውን የማትረሳ ነበረች። ወደ 15,000 የሚደርሱ የኦሮምኛ ቃላት ሰብስባ ጻፈች። ከዚያም ሌላ ወደ 500 የሚሆኑ ተረቶችን፣ ዘፈኖችን፣ ምሳሌዎችንና እንቆቅልሾችን ከቃል ወደ ጽሑፍ አወረደች። ባሪያ ነጋዴዎቹ ከገላዋ በቀር ምንም ያልወሰዱባት ይመስላል፤ አገሯን ሁሉ በጭንቅላቷ ይዛው ነበር የሄደችው። ሁለቱ ተባብረው ያዘጋጁት የኦሮምኛ የንባብ መማሪያ እ.ኤ.አ. በ1894 ታተመ። አዲስ ኪዳን ከዚያ በፊት በ1893 ወጥቶ ነበር። መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ፊደሉ የእኛው የግዕዝ ፊደል ነው።

እርግጥ ከዚያ በፊት ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ አንዳንድ ክፍሎችን በኦሮምኛ ተርጉሞ ነበር። የኦነሲሞስና የአስቴር ሥራ ግን በአገሬው ሰዎች እጅ የተሠራ፣ ከዘፍጥረት እስከ ራእይ የተሟላ ነው። ከሰማንያ ዓመት በላይም ያገለገለው እሱ ነው። እነዚህ ሰዎች ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሚቴ፣ የቋንቋ አካዳሚ አልነበራቸውም። አንድ በአሥራ ሦስት ዓመቱ የተሸጠ ሰውና አንዲት ከመርከብ ላይ የወረደች ልጅ ናቸው። ሂካ የሚለው ስም በእውነት የተፈጸመው ያን ጊዜ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

መጽሐፉ ታትሞ፣ ተርጓሚው ግን ገና ባሕር ዳር ነበሩ። አገራቸው የገቡት እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ሂሳቡን እናንተው አስቡት። ከተሰረቁበት ከ1869 ጀምሮ ሠላሳ አምስት ዓመት። ከእሳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው፣ የሐማሴን ተወላጅ የሆኑት ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ወደ ወለጋ ቦጂ ገብተው ማስተማር ጀምረው ነበር። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1905 በቤት ቃጠሎ ሞቱ። ኦነሲሞስን በነቀምት የተቀበሏቸው የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ ናቸው። አስቴርም መጣች። ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ ሲሰበክ ሰማ።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ነገር ለእድራችን ስሱ ጉዳይ ነው፤ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ እስላሙም በአንድ ድንኳን ሥር የምንቀመጥ ሰዎች ነንና። ቢሆንም ታሪክን ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። በአካባቢው የነበሩ የኦርቶዶክስ ካህናት ሰውዬው እመቤታችንን ይሳደባል ብለው ከሰሷቸው። ከካህናቱ ብዙዎቹ ከሌላ አገር የመጡ በመሆናቸው ኦሮምኛ አይሰሙም ነበር። ሰው በማይሰማው ቋንቋ የተነገረ ነገር ሁሉ ለጆሮው ስድብ ይመስለዋል፤ በዚህ ረገድ ክሱ ለምን እንደ ተነሣ መረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1906 ኦነሲሞስ አዲስ አበባ ተጠርተው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ከአገር እንዲሰደዱም ተፈረደባቸው።

አጼ ምኒልክ ፍርዱን አሻሻሉት። ወደ ነቀምት ይመለሱ፤ ግን አይስበኩ ተባለ።

በሃምሳ ዓመታቸው ላይ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የተዘጋጁበት ሥራ፣ በሩ ላይ ደርሰው ተዘጋባቸው። ኧረ ምን ዓይነት ነገር ነው! እሳቸው ግን ዝም ብለው ወደ ትምህርት ቤታቸው ተመለሱ። መስበክ ቢከለከሉ ማንበብ ማስተማር አልተከለከሉም። ማንበብ የተማረ ልጅ ደግሞ መጽሐፉን ራሱ ያነበዋል። ለአሥር ዓመት እንዲህ ኖሩ። ከሕይወታቸው ክፍል ሁሉ እኛን አብልጦ የሚነካን ይኸኛው ነው። በበረሃ መንገድ መታመምና መዳን ለታሪክ ይመቻል። በየቀኑ ማለዳ ተነሥቶ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ ለሕፃናት ሀ ሁ እያሉ አሥር ዓመት መቆየት ግን ለታሪክ አይመችም፤ ማንም አያጨበጭብለትም። ተስፋ ከሌለ እንዲህ ያለውን ሥራ ሰው አንድ ዓመትም አይችለው።

እ.ኤ.አ. በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነታቸውን በግልጽ እንዲያስተምሩ ፈቀዱላቸው። ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። ኦነሲሞስ ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ያህል በነፃነት አገለገሉ። ሕዝቡ አባ ገመቺስ እያለ ይጠራቸው ነበር፤ ገመቺስ ደስ የሚያሰኝ ማለት ነው። ተሰርቆ እናቱን ያስለቀሰ ልጅ በሽምግልናው ይህን ስም ይዞ መቅረቱን ልብ ይሏል።

ኦነሲሞስ ነሲብ እሑድ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በነቀምት አረፉ። ሲሞቱ አገራችን ውስጥ ባርነት ገና ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። የባሪያ ንግድን የሚከለክሉ አዋጆች ቀደም ብለው ወጥተው ነበር፤ ባርነትን ራሱን የሻረው አዋጅ የታወጀው ግን እ.ኤ.አ. በ1942፣ እሳቸው ከሞቱ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በአገር አቀፍ ደረጃ ስትቋቋምም እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ እሱንም አላዩም። ዛሬ በወለጋ አይራ በስማቸው የሚጠራ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት አለ።

አንዳንድ ሰው ታዲያ ያን ሁሉ ደክመው ምን አዩ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ያዩትን መናገር እንችላለን። ባሪያ ሆነው በወጡበት አገር ነፃ ሰው ሆነው ገብተዋል። በነቀምት የገበሬ ልጅ በገዛ ቋንቋው መጽሐፍ ከፍቶ ሲያነብ ሰምተዋል። ያላዩት ከዚህ እጅግ ይበዛል። እሳቸው ግን ሲጀምሩም፣ ካርቱም ላይ ታመው ተኝተው ሳለ እንኳ፣ የጠበቁት ሁሉ በዓይናቸው ካልታየ የሚፈርስ አልነበረም። የክርስቶስን ትንሣኤ ያመነ ሰው የሥራውን ፍጻሜ ከመቃብር ወዲህ ብቻ አይፈልግም። በጥምቀታቸው ቀን የተነገራቸው ይኸው ነበር፤ ኖረውም አሳዩት። እኛም በየወሩ መዋጮ እያወጣን አንዳችን አንዳችንን ስንቀብር ዓይናችን የሚያየው አፈሩን ብቻ ነው፤ ቢሆንም ከቀብር መልስ እጃችንን ታጥበን ስንቀመጥ ስለ ነገ የምንነጋገረው ያለ ምክንያት አይደለም።

አስቴር ጋኖ ከእሳቸው በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖራለች። በነቀምት ልጆች ስታስተምር አርጅታ፣ ያኔ የነበሩት ሁሉ ካለፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 አረፈች።